ከወርቁ በፊት እጁን ፈልግ

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ባለ አምስት ቅርንጫፉን መቅረዝ በአያትህ ጋቢ ጠቅልለህ አዲሱ ገበያ ያለችው ሱቄ ድረስ ስታመጣው፣ ገና ሳትቀመጥ የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?» እኔ ቡና አዘዝኩልህና ዝም አልኩ። ቅር እንዳለህ አላጣሁትም። ግን ወደ ጎጃም የሚወጣው አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ፣ የታክሲ ረዳቱ «ሱሉልታ! ሱሉልታ!» እያለ በሚጮህበት በር ላይ ተቀምጦ ረጅም ነገር ማውራት አይቻልም። መቅረዙን እኔ ዘንድ ትተኸው ሄድክ፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ሳገላብጠው ከረምኩ። አሁን መልሱን ጽፌልሃለሁ።

አርባ ዓመት ያህል የቤተ ክርስቲያን መቅረዝ፣ ጽና፣ መስቀልና ቃጭል ስጠግን ኖሬያለሁ። አንተ ደግሞ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ ጀምረሃል፤ ነገ እንጀራህ ልታደርገውም ታስባለህ። ስለዚህ የምልህ ነገር ለዚህ መቅረዝ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለውም ይሁንህ።

1. ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት ምን እንደሆነ እወቅ።

ያመጣኸው ዕቃ ፈረንሳዮች ብሮንዝ ዶሬ የሚሉት ነው፤ ወርቅ የለበሰ ነሐስ ማለት ነው። ወርቁ ከላይ ያለ ስስ ልብስ ነው። ከሥሩ ያለው ገላ መዳብ ከቆርቆሮ ወይም ከዚንክ ጋር ተዋህዶ የወጣ ነሐስ ነው። እንግዲህ ሚዛን አውጥቶ «በግራም ልግዛህ» የሚልህ ሰው ቢመጣ ወይ አያውቅም፣ ወይ አንተ እንደማታውቅ ገብቶታል።

በፓሪስ ባለጸጎች ቤት እንዲህ ያለው መቅረዝ ብቻውን አይቆምም ነበር። ከእሳት ማንደጃው በላይ ባለው መደርደሪያ፣ መሐል ላይ ሰዓት፣ ግራና ቀኝ ጥንድ መቅረዝ፣ ከኋላ ትልቅ መስታወት ይደረግ ነበር። መስታወቱ አምስቱን ሻማ አሥር ያደርገዋል፤ ወርቁም የተቀበለውን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል። የወርቁ ጥቅም ለታይታ ብቻ እንዳይመስልህ። ሰፈራችን መብራት በጠፋ ምሽት አንዲት ሻማ ከተወለወለ ትሪ ፊት አቁመህ እይ፤ ነገሩ ያኔ ይገባሃል።

እንግዲያው ይህ መቅረዝ መንታ ሳይኖረው አይቀርም። የአክስቶችህን ቁም ሣጥን ጠይቅ። ከተገኘም አንዱን ሸጠህ አንዱን አታስቀር፤ ጥንድ ሲለያይ ሁለቱም ይራቆታሉ።

የዚህን ሥራ ታላቅ ወንድም ማየት ከፈለግህ ለገሃር ውረድ። ባቡር ጣቢያው ፊት ያለውን ወርቅ የለበሰ የይሁዳ አንበሳ የሠራው ፈረንሳዊው ቀራፂ ዦርዥ ጋርዴ ነው፤ የቆመው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ ያን አንበሳ በባዕድ አደባባይ አይቶ ጎራዴውን እንደመዘዘ ልጅ ሆነን ሰምተናል። አንበሳው ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዘርዓይን ሁሉም ያውቀዋል። ጋርዴ ስትል ግን ስንት ሰው «ማን ነው?» እንደሚልህ ሞክረው።

2. የአንድ ዕቃ ባለቤት አንድ፣ ሠሪው ብዙ መሆኑን አትርሳ።

በድሮዋ ፓሪስ አንድ መቅረዝ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ልንገርህ። አንዱ በወረቀት ይነድፋል። ሌላው በሰም ወይም በእንጨት ቅርጹን ያወጣል። ሦስተኛው አቅልጦ ያፈሳል። አራተኛው በትንንሽ መሮ ቅጠሉን፣ የአበባውን ጅማት፣ የፊቱን ሽፋሽፍት እየነቀሰ ሕይወት ይሰጠዋል። አምስተኛው ወርቅ ያለብሰዋል። ማኅበራቸው እንኳ የተለያየ ነበር፤ አፍሳሾቹ በአንድ፣ ወርቅ አልባሾቹ በሌላ። አንዱ የሌላውን ሥራ ነካ ተብሎ ክርክር የሚነሳበት ጊዜም ነበር።

ስማቸው ከተረፈላቸው መካከል ሁለቱን ያዝ። ፒዬር ጉትዬር እ.ኤ.አ. ከ1732 እስከ 1813 የኖረ ወርቅ አልባሽ ነው፤ ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት ሠርቷል። አንዱን ገጽ እንደ መስታወት እያበራ፣ ጎኑን እንደ ኮክ ልጣጭ የማያብለጨልጭ አድርጎ በማስቀረት ስም ያወጣ ሰው ነው። ማዳም ዱ ባሪ የተባለችው እመቤት የብዙ ዕቃ ሂሳብ ሳትከፍለው የፈረንሳይ አብዮት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1793 ተሰየፈች። ጉትዬርም ድሃ ሆኖ ሞተ። ፒዬር ፊሊፕ ቶሚር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1751 እስከ 1843 የኖረ ነው፤ ናፖሊዮንን አገልግሏል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ትልቅ ፋብሪካ አቋቁሟል። ከእነዚያ መቶዎች የስንቱን ስም እናውቃለን?

ኦሪት ዘጸአት በዚህ ነገር ትበልጣቸዋለች። የድንኳኑን ሰባት መብራት ያለውን የወርቅ መቅረዝ ስትተርክ ሠሪውን በስሙ ትጠራዋለች፤ ባስልኤል የኡሪ ልጅ፣ ከይሁዳ ነገድ። መቅረዝ ሲነሳ የሠሪ ስም አብሮ መነሣቱ እንግዲህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።

3. ወርቁ ምን እንዳስከፈለ ሳታውቅ አታድንቀው።

ቅኔ ስትማር ሰሙን ገፍፈህ ወርቁን ታወጣለህ። እዚህ ግን ተገልብጦ ታገኘዋለህ፤ ወርቁ ከላይ፣ ምሥጢሩ ከሥር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ወርቁ ተፈጭቶ ከባዚቃ፣ ዛሬ ሜርኩሪ ከምንለው፣ ጋር በሙቀት ይዋሃድና እንደ ረጋ ቅቤ ይሆናል። ነሐሱ በአሲድ ይጸዳል፤ ያ ቅቤ በብሩሽ ይቀባበታል። ከዚያ ከሰል ላይ ይያዛል። ባዚቃ በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይፈላል፤ ይተንናል፤ ወርቁ ከነሐሱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። መጀመሪያ ሲታይ ወይቦ የደበዘዘ ነገር ነው። በሽቦ ብሩሽ ሲታሽና በለሰለሰ ድንጋይ ሲወለወል ነው እንደ ማር የሚያበራው።

ያ የተነነው ባዚቃ የት ሄደ? ከሰሉ ላይ አጎንብሶ የነበረው ሰው ሳንባ ውስጥ ገባ። ወርቅ አልባሾች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ድዳቸው ያብጥ፣ ጥርሳቸው ይረግፍ፣ አእምሯቸው ይታወክ ነበር። ለእጅ ሙያተኛ እጁ መንቀጥቀጡ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልነግርህ አያሻም።

ከጌቶቹ አንዱ ይህን አይቶ ዝም አላለም። አንድሬ አንትዋን ራቭሪዮ የተባለው የፓሪስ የነሐስ ሥራ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሞት፣ ወርቅ አልባሾችን ከባዚቃ ጢስ የሚያድን ዘዴ ለሚያገኝ ሰው 3,000 ፍራንክ ሽልማት በኑዛዜው ተወ። ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በ1818 ያገኘው ዳርሴ የተባለ ኬሚስት ነው። መላው ቀላል ነበር፤ ጢሱን ከሠራተኛው ፊት ወደ ላይ ስቦ የሚያስወጣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሠራ። በራቭሪዮ ስም የቆሙ ብዙ የሚያማምሩ ሰዓቶችና መቅረዞች አሉ። እኔ ግን ከሁሉም ያቺን ኑዛዜ አስበልጣለሁ።

4. አገላብጠህ እይ፤ ፊቱ ለእንግዳ ነው፣ እውነቱ ከሥሩ ነው።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋ። ከያዘ ውስጡ ብረት ነው፤ ነሐስ ማግኔት አይዘውም። ቀጥለህ አንሳው፤ ነሐስ እጅ ላይ ይከብዳል። በጥፍርህ ቀስ አድርገህ ንካው፤ ነሐስ ይጮሃል፣ የዚንክ ቅይጥ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ወርቁ በተላጠበት ቦታ የሚታየውን ቀለም እይ፤ ቀላ ወይም ቢጫ ካለ ነሐስ፣ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ነው።

ከዚያ ገልብጠው። በባዚቃ የተለበጠ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ፊቱ ብቻ ወርቅ ለብሶ ውስጡ ጥሬ ነሐስ ሆኖ ይቀራል፤ ጠርዙ ላይ ያመለጠ ጠብታ ታያለህ። ወርቁን በማይታይ ቦታ ማባከን ሞኝነት ነበራ። እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ወዲህ ግን በኤሌክትሪክ ወርቅ ማልበስ መጣ፤ በፈረንሳይ ክሪስቶፍል የተባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1842 የዚህን ዘዴ መብት ገዝቶ አስፋፋው። ዕቃው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚነከር ወርቁ ከውስጥም ከውጭም እኩል ይይዛል፤ ቅቡም ስስ ነው።

ብሎኑንና ዳዶውንም ፍታ። በእጅ የወጣ የብሎን ጥርስ ይዛነፋል፤ የአንዱ ክንድ ዳዶ ለሌላው አይገጥምም፤ ስለዚህ ሠሪው ክንዶቹን በነጥብ ወይም በቁጥር ምልክት ያደርግባቸው ነበር። በማሽን የወጣው ግን ሁሉም ለሁሉም ይገጥማል።

የአንተን መቅረዝ ፈታሁት። ነሐሱ ጥሩ ነሐስ ነው። ወርቁ መቀመጫው ውስጥ ሳይቀር እኩል ገብቷል፤ አምስቱም ዳዶ ያለምርጫ ይገጥማል። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ቅብ ነው፤ የጉትዬር ዘመን ዕቃ አይደለም። ልብህ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን ዳዶውን መልሼ ሳጠብቅ፣ ለዚህኛው መቅረዝ ሲባል ማንም ከከሰል ጢስ ላይ አጎንብሶ ጥርሱን አላጣም ብዬ ደስ አለኝ።

5. ማህተም እንግዳ ነው፤ ተቀበለው እንጂ ቤቱን አታስረክበው።

ሻጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳይህ የተቀረጸ ስም ነው። ከሚበዙት አንዱ ፌርዲናን ባርቤድየን ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1838 አሺል ኮላ ከተባለው መሐንዲስ ጋር ሆኖ፣ ትልልቅ ሐውልቶችን በልካቸው እያሳነሰ በሚገለብጥ መሣሪያ ሥራ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1892 እስኪሞት ድረስ ስሙ በዓለም ሁሉ ዞረ። ስም የሚያወጣ ዕቃ ሲኖር ስም የሚሰርቅም ይኖራል። ስሙ ጥሩ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት የደነዘዘ፣ የፊቱ አፍንጫ የሟሟ ከመሰለ፣ ከሌላ ዕቃ ላይ ተገልብጦ የተፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ ከጥንቶቹ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ ሥራዎች ብዙዎቹ ስም የለባቸውም። አንዳንዶቹ ላይ ዘውድ የደፋች የላቲን «ሲ» ፊደል ታገኛለህ። እሷም የሠሪ ስም አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1749 መዳብ ባለበት ዕቃ ላይ የተጣለ ግብር መከፈሉን የምታሳይ ምልክት ናት። የግብር ሰብሳቢው ማህተም ሲተርፍ የሠሪው ስም ጠፋ፤ ዓለም እንዲህ ናት።

6. ሎሚና አመድ ከእጅህ ይራቅ።

ይህን የምነግርህ ከራሴ ጥፋት ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከጌታዬ ሥር እያገለገልኩ ሳለሁ፣ ለፋሲካ የሚደርስ አንድ ወርቅ የለበሰ አሮጌ መቅረዝ መጣ። ጌታዬ ገበያ ሄደው ነበር። ላስደስታቸው ብዬ እናቴ የናስ ዕቃ እንደምታጥበው በሎሚና በአመድ ከጠዋት እስከ ቀትር ፈተግሁት። በመጨረሻ አበራ። ግን ብርሃኑ ሌላ ነበር፤ ሞቅ ያለው የማር ቀለም ሄዶ የጥሩንባ ቢጫ መጣ።

ጌታዬ ሲመጡ አልጮኹም። መቅረዙን አይተው ወደ ሳፋው ጎንበስ አሉ። «አመዱን አትድፋው፤» አሉኝ፣ «ወርቁ ያለው እዚያ ነው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ሎሚው ወርቁን አይበላም፤ በተላጠው በኩል ገብቶ ከሥር ያለውን ነሐስ ይበላል። አመዱ ይፍቀዋል። ብርጭቆ ወረቀትና ለናስ የሚሸጠው ፖሊሽም እንደዚያው ናቸው። አንተ የሚያስፈልግህ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙናና ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። ወዲያው አድርቀው። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጥቁረት ተወው፤ ዕድሜ ነውር አይደለም።

7. ካበራኸው በልኩ አብራው።

መቅረዝ ሻማ ሊይዝ እንጂ በመስታወት ሣጥን ሊታሰር አልተሠራም፤ በዓል ሲሆን አብራው። ነገር ግን የዛሬ ሻማ ለጉድጓዱ ከወፈረ ሻማውን ላጠው እንጂ ጉድጓዱን በሞረድ አታስፋው። ሰም ከፈሰሰ በቢላ አትፋቅ፤ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ አድርገህ አሙቀውና በስቲኪኒ አንሳው። አምፖል ላግባበት ብለህም አትብሳው። ኤሌክትሪክ በገባበት ዘመን ስንት የሚያምር መቅረዝ ለሽቦ ሲባል ልቡ በመሰርሰሪያ እንደተወጋ ብታይ ታዝናለህ።

8. ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዕቃ በርካሽም ውድ ነው።

የአንተ መቅረዝ ከአያትህ እንደመጣ አውቃለሁ። ነገ ግን ከቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ፣ ወይም ከምናለሽ ተራ፣ ወይም ማታ ማታ በር ከሚያንኳኳ ሰው እጅ የሚመጣ አለ። መስቀል፣ ጽና፣ የቤተ ክርስቲያን መቅረዝ፣ ብራና ከሆነ እጅህን ሰብስብ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ሕሊና አለ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲመለስ ሰው በእልልታ ነው የተቀበለው። የዚያ ሁሉ ጣጣ መነሻ አንድ ሻጭና አንድ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ያልጠየቀ ገዢ ናቸው።

ያልተመለሰም አለ። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ከወርቅና ወርቅ ከለበሰ መዳብ የተሠራ ዘውድ፣ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ለጎንደር ቁስቋም የተሰጠ እንደሆነ ይነገራል፤ እንግሊዞች የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ነው። ልብ በል፤ የሚነገረው እውነት ከሆነ፣ ቶሚር ፓሪስ ውስጥ ሳይወለድ የጎንደር አንጥረኛ መዳብ ወርቅ ያለብስ ነበር።

9. የቅርቡን እጅ ከሩቁ አታሳንስ።

ከሱቄ ወደ ቀጨኔ በእግር የሚኬድ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ እዚያ አሉ። አባቶቻቸው ወናፍ እየነፉ ማረሻውንም መስቀሉንም ሠርተው ሲያበቁ የተመለሰላቸው ስድብ ነበር። ጠይብ የሚለው ቃል ከጠቢብ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፤ አፋችን ግን ቶሎ አልተመለሰም። ስለ ጉትዬር ለመስማት ጆሮህን የምትሰጥ ልጅ፣ የቀጨኔውን ሰው «ቀጥቃጭ» ብለህ ካለፍከው እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። መቅረዝህ አንድ ነገር ጎድሎታል፤ የአራተኛው ክንድ የሰም መቀበያ ሳህን የለችም። አላየሃትም፤ ወርቁን እያየህ ነበርና። ማክሰኞ ዕለት ይዤ ቀጨኔ ወረድኩ። ነሐስ የሚያፈስ አንድ ባለሙያ አለ፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ በእጁ ይበልጠኛል። ከተረፉት ሳህኖች አንዷን አየ፤ በአውራ ጣቱ ዳርዳሯን ዞረ። ለቅርጹ የሚሆን ሰም ይዤለት ነበር፤ ከምጠግናቸው የቤተ ክርስቲያን መቅረዞች ላይ እያነሣሁ በቆርቆሮ ያጠራቀምኩት የጧፍ ርጋፊ ነው። በዚያ ሰም ሳህኗን ሠራ፣ በጭቃ ሸፈነ፣ ሰሙን አቅልጦ አወጣ፣ ነሐሱን አፈሰሰ። ሐሙስ ስሄድ ቅጠሎቿን በመሮ እየነቀሰ ነበር። ከእህቶቿ ጋር አደባልቀህ ብታስቀምጥ በቅርጽ አትለያትም።

ወርቅ ግን አላለበስናትም፤ ሆን ብለን ነው። አዲስ መሆኗን የሚያይ ይወቅ፤ ከነሐሷ ቀለም ጋር ትቆይ።

ቅዳሜ ስትመጣ ሦስት ነገር ታደርጋለህ። አንደኛ፣ አያትህ መቅረዙን እንዴት እንዳገኙት ከእናትህ ጠይቀህ ጽፈህ ታመጣለህ። ሁለተኛ፣ ቀጨኔ አብረን እንወርድና የባለሙያውን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጠይቀህ፣ ሳህኗ የተሠራችበትን ቀን ጨምረህ በወረቀት ላይ ታሰፍራለህ፤ ወረቀቱን መቀመጫው ውስጥ እናስገባዋለን። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚገለብጠው ሰው ቢያንስ የአንዱን እጅ ስም ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቀኸኝ ነበር። የመቅረዙን ዋጋ ገበያ ይነግርሃል፤ እኔ የማውቀው የሳህኗን ነው። ባለሙያው የሚጠራልህን ሳትከራከር፣ እዚያው ቆመህ፣ በዕለቱ ክፈለው።